ስለ ማዕድ ወጪና ስለ ድሃው ድርሻ

ኑሮ በጠበበ ጊዜ ሰው አስቀድሞ እጁን የሚሰበስበው ከማን ላይ እንደ ሆነ ቢመረመር፥ የቤቱ ሥርዐት በዚያ ይታወቃል። በብዙ ቤት የሚሆነው እንደሚከተለው ነው። የእህል ዋጋ ሲወጣ በመጀመሪያ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጅ የቆመው ተማሪ «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ይመለሳል። ሁለተኛ የሕፃኑ ወተትና ዕንቁላል ወደ ገበያ ይወጣል። ሦስተኛ የቤት እመቤቲቱ ሌላውን ሁሉ አብልታ እርስዋ የተረፈውን ትቀምሳለች። የበዓል ድግስ፥ የገበያ ቀን አረቄና ለይሉኝታ የሚወጣው ወጪ ግን አይነካም። ይህ ቤት ቈጠበ ሊባል አይቻልም፤ የደካሞቹን ድርሻ ወስዶ ለብርቱዎቹ አቈየ እንጂ።

የዚህ ትምህርት ሐሳብ አንድ ነው። የወር የማዕድ ወጪ ከብክነት፥ ያለ ጊዜው ከመግዛትና ከይሉኝታ ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ ከሕፃኑ ገበታና ከድሃው ድርሻ ላይ ግን ሊቀነስ አይገባውም። ይህን በቅደም ተከተል እንመልከተው።

ስለ ምዕራብ ጎጃም ስንናገር ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በከተማዪቱ ዙሪያ ካለው ከጃቢ ጠህናን አንሥቶ በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ፥ ከዚያም እስከ ወንበርማ ያለው አገር በቆሎ፥ ጤፍ፥ ስንዴና ዳጉሳ የሚያበቅል፥ በርበሬውም በየገበያው ስሙ የሚጠራ ለም አገር ነው። ከራሱ አልፎ ለሌላው የሚተርፍ እህል በማምረቱም ይታወቃል። ይህ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 46ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት ያጠሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ የመላ አገሪቱ ቍጥር 38 ነበር። ይህን የሚያመጣው የምግብ ጕድለት ብቻ ሳይሆን በሽታና ንጹሕ ውሃ ማጣት ጭምር መሆኑ የታወቀ ነው። ቢሆንም ጎተራ በሚሞላበት ክልል የሕፃናት ቁመት ማጠሩ፥ እህል መኖሩና እህል በሚገባ መከፈሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስረዳል።

ዘመኑም ጠንክሯል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ጊዜ ዘይትና ሳሙና ከሱቅ ሲታጡ፥ ገበሬውም እህሉን ወደ ገበያ ማውጣት ሲሳነው አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የብሩ ዋጋ ስለ ወረደ ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ ተወደደ። ይህን ሁሉ አንድ አባወራ በሥልጣኑ ሊመልሰው አይችልም። በቤቱ ውስጥ ያለውን ግን ሊያስተካክል ይችላል፤ የምንናገረውም ስለዚሁ ነው።

፩. የማዕድን ዋጋ ስለ ማስላት

የሚበላውንና የሚጠጣውን በቍጥር መጻፍ ለስስታም እንጂ ለመንፈሳዊ ሰው የማይገባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ስሕተት ነው። ሄርማ የተባለው መጽሐፍ በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ የተከበረ፥ ወደ ግእዝም የተመለሰ ነው። የግእዙ ንባብ ከጉንዳ ጉንዴ ገዳም ከተገኘ መጽሐፍ ተቀድቶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 በላይፕሲግ ከተማ ታትሟል። በዚህ መጽሐፍ ስለ ጾም የተሰጠው ትምህርት፥ ሰው በጾመበት ቀን ሊበላው የነበረውን የምግብ ዋጋ አስልቶ፥ ያን ያህሉን ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዝዛል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። የማዕዱን ዋጋ የማያውቅ ሰው ይህን ትእዛዝ ሊፈጽም አይችልም። ስለዚህ በጥንቱ ትምህርት ሒሳብ ማወቅ ከጾሙ ጋር አብሮ የሚሄድ ነበር።

የእኛ ወር ምንጊዜም 30 ቀን ስለ ሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢመድብ፥ በቀን 3 ኪሎ፥ በወር 90 ኪሎ፥ በ12 ወር 1080 ኪሎ ይሆናል። የጳጕሜን 5 ቀን 15 ኪሎ ሲጨመርበት 1095 ኪሎ፥ ማለት 11 ኩንታል ያህል ነው። አባወራው ይህን ቍጥር ካወቀ በጥር ወር ምን ያህል መሸጥ እንደሚችልና ምን ያህል መሸጥ እንደማይገባው ያውቃል። ካላወቀ ግን የሚሸጠው በገበያው ጩኸት፥ የሚገዛውም በልጆቹ ለቅሶ ነው።

እንዲሁም ከስድስቱ ሰዎች እያንዳንዱ በቀን ሩብ እንጀራ ቢያስተርፍና ቢጣል፥ በቀን አንድ እንጀራ ተኩል፥ በወር 45 እንጀራ ይጠፋል። ይህም በየቀኑ ለአንድ የቆሎ ተማሪ ራት ይበቃ ነበር። እስራኤል በምድረ በዳ መናውን በልክ እንዲሰበስቡ ታዘዋል፤ ከልኩ ያለፈው ለነገ ሲያድር ተልቷል (ዘጸ. ምዕ. 16)። ጌታችንም አምስት ሺሁን ሰው ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐ. ምዕ. 6)። በጥቂት እንጀራ ብዙ ሕዝብ ማጥገብ የሚቻለው ጌታ ፍርፋሪ እንዲወድቅ ካልፈቀደ፥ እኛ በየትኛው ባለጠግነታችን እንጥለዋለን?

ሥራው እንደሚከተለው ይጀመራል። አንድ ደብተር ይዘጋጅ። አባወራውና እመቤቲቱ ጽሕፈት የማያውቁ ቢሆኑ የሚማረው ልጅ ይጻፍላቸው። በመጀመሪያው ወር ምንም ሳይለወጥ የተገዛው ሁሉ ከነዋጋው፥ ከጎተራ የወጣውም እህል በቁና ይጻፍ። አባወራው ገበያ ወርዶ በአረቄ ቤት የከፈለውም ሳይደበቅ ይግባበት። ሴቲቱን ብቻ ቈጥቢ እያሉ የወንዱን ኪስ ሳይመረምሩ መተው ግፍ ነውና። በ30ኛው ቀን ሁለቱ ተቀምጠው ያንብቡት። ብዙ ጊዜ ከዚህ ንባብ በኋላ ምን መቀነስ እንደሚገባ የሚነግራቸው መምህር አያስፈልጋቸውም።

፪. ስለ መግዣ ጊዜና ስለ ጎተራ

ዮሴፍ በግብፅ አገር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት አስቀምጧል (ዘፍ. ምዕ. 41)። በእኛ አገር ጥጋቡና ረኃቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፈራረቃሉ። በቆሎው ከተሰበሰበበት ከኅዳርና ከታኅሣሥ አንሥቶ እስከ የካቲት ገበያው በእህል ይሞላል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ጎተራው ይጎድላል፤ ዋጋውም ይወጣል። ባለ ዕዳ ገበሬ ለማዳበሪያና ለልብስ የተበደረውን ለመክፈል በጥር በርካሽ ይሸጣል፤ በሐምሌ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ለዓመት የደከመበትን ላብ ይወስድበታል። በዚህም ላይ አራጣ ከተጨመረ ቤቱ ፈጽሞ ይወድቃል።

የከተማው ካህንና ደመወዝተኛም ከዚህ ነጻ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ አብያተ ክርስቲያናት የቀድሞ መሬታቸው የላቸውም፤ ብዙ አገልጋይም በትንሽ ደመወዝ ይኖራል። ደመወዙም ትንሽ ስለ ሆነ እህሉን በሳምንት በሳምንት፥ በኪሎና በጣሳ ይገዛል። በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ይከፍላል። በድህነቱ ላይ ሌላ ቅጣት ተጨመረበት ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ከአባቶቻችን ዘንድ አለ። ዐሥር ቤት ዕቁብ ቢጥል፥ ዕጣውም በጥርና በየካቲት እንዲወጣ ቢወሰን፥ በዚያ ገንዘብ እህል በኩንታል ይገዛበታል። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አባላትም አንድነታቸውን ለመብልና ለመጠጥ ብቻ ከሚያደርጉት፥ ጤፍና በቆሎ፥ አተርና ባቄላ ከገበሬው በመከር ጊዜ በጅምላ ገዝተው በመግዣው ዋጋ ቢከፋፈሉት ለሁለቱም ወገን ጥቅም ነው። ገበሬውም በየቀበሌው ባሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራትና በምዕራብ ጎጃም በሚሠራው በዳሞት የገበሬዎች ዩኒየን በኩል ቢሸጥ፥ በመሸ ጊዜ ጭነቱን ይዞ እንዳይመለስ ሲል በደላላ ዋጋ ከመሸጥ ይድናል።

ነገር ግን በጊዜው የተገዛ እህል በጎተራ ከተበላሸ ድካሙ ከንቱ ነው። ከላይ ከተናገርነው 11 ኩንታል ዐሥረኛውን ነቀዝ ቢበላው የጠፋው አንድ ኩንታል ከ10 ኪሎ ነው፤ ይህም ከአንድ ወር ቀለብ ይበልጣል። ስለዚህ የሚከተሉትን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ እህሉ ፈጽሞ ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ ደኅና አድርጎ መነቅነቅ ነው። ጨው ከጠርሙሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ካልተጣበቀ ለጎተራ ደርሷል። በርበሬም እንዲሁ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ይሰጣ። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎና በርበሬ ይሻግታል። ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጕበትን የሚጎዳ መርዝ ይወጣል፤ ይህም በመቀቀልና በመቍላት ፈጽሞ አይጠፋም። የሻገተውን ለድሃ መስጠትም ምጽዋት አይባልም።

ሁለተኛ በጎታና በጎተራ ነቀዝ ያስቸገረው ሰው አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይጠቀም። ውስጡ ሁለት የላስቲክ ከረጢት፥ ላዩ ማዳበሪያ ነው። አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ እያንዳንዱ ለብቻው አጥብቆ ይታሰራል። በውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ከረጢቱ ግን ከአይጥ መጠበቅና ቶሎ ቶሎ አለመፈታት ይገባዋል።

ሦስተኛ ከገበያ ተገዝቶ በጎተራ የሚጨመረው የነቀዝ ክኒን፥ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ጋዝ ነቀዙን እንደሚገድል ሰውንም ይገድላል። እህል ለማዳን ሲባል ነፍስ መጥፋት የለበትም።

፫. ስለ ማድ ቤት

ከጎተራ ቀጥሎ የሚመጣው ማድ ቤት ነው። ጤፍ ብቻውን የተጋገረበት እንጀራ የክብር ምልክት ሆኖ ተቈጥሯል። ጤፍን ከበቆሎ፥ ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መጋገር ግን በጎጃም የታወቀ የእናቶቻችን ብልኀት ነው። ድብልቅ እንጀራ በማቅረቡ የሚያፍር ሰው ዋጋ የሚከፍለው ለሆዱ ሳይሆን ለጎረቤቱ ዓይን ነው።

እህል ከጥራጥሬ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። በቆሎና ጤፍ የሚያንሳቸውን የሥጋ ገንቢ ክፍል ባቄላ፥ አተር፥ ሽንብራና ምስር ይሰጣሉ። ስለዚህ ሽሮ የድሃ ወጥ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ባቄላና ሽንብራ ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ቢያድር ቶሎ ይበስላል፤ ማገዶም ያድናል። ምርጥ ምጣድ የተባለው የተሻሻለ ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቈጥባል። በከተማ ማገዶ በብር የሚገዛ ስለ ሆነ ይህ ከማዕድ ወጪ ይቈጠራል።

ስለ ዘይትም አንድ ነገር እንበል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ታላቅ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ብዙዎች ዘይት የሚረክስ መስሏቸው ነበር። በሚከተለው በ2014 ዓ.ም. ግን የዘይት ዋጋ በመላ አገሪቱ እጅግ ወጣ። ከዚህ የምንማረው የቤታችንን ወጥ በፋብሪካ ተስፋ ላይ አለመመሥረትን ነው። በጾም ወራት የሱፍና የተልባ ፍትፍት፥ ያለ ብዙ ዘይት የሚሠራ ሽሮ፥ ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን ማዕዱን ያሟሉታል። የቤት እመቤት ዘይቱን ከጠርሙስ በቀጥታ ከምታፈስ በማንኪያ ብትለካው በወሩ መጨረሻ ልዩነቱን ታየዋለች።

ያደረ እንጀራን በተመለከተ የአብነት ተማሪን የሚያህል መምህር የለም። እኔ በተማሪነቴ ጊዜ ከየደጁ ያገኘሁትን ቍራሽ በፀሐይ አድርቄ ደርቆሽ አደርገው ነበር። ደርቆሽ በደረቅ ቦታ ብዙ ቀን ይቈያል፤ በውሃና በበርበሬ ወይም በወጥ ሲርስ ምግብ ይሆናል። ሻጋታ የጀመረው ግን አይደርቅም፤ ይጣላል። የቅኔ ትምህርቴን የተማርሁት በዚህ ምግብ ነው። እንግዲህ በሰው ደጅ ቆሞ ያገኘውን ተማሪ ሲያከብረው፥ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ቢጥለው እንዴት ያለ ነገር ነው?

፬. ስለ ጾምና ስለ ሕፃናት

ቤተ ክርስቲያናችን ያዘዘቻቸው ሰባቱ አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥጋ፥ ቅቤ፥ ወተትና ዕንቁላል በማይገዛበት በዚህ ሁሉ ጊዜ የማዕድ ወጪ ሊቀንስ ይገባ ነበር። በከተማ የሚታየው ግን አንዳንድ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የጾሙ ወጥ በዓይነትና በዘይት ብዛት ከፍስኩ ይበልጣል። ከፋሲካ በፊት በ55 ቀን የተረፈው ገንዘብም ቢኖር በበዓሉ ሳምንት ያልቃል፤ ዱቤም ይጨመርበታል። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስ እንደ ሆነ አስተምሯል (ኢሳ. ምዕ. 58)። ከጾሙ የተረፈው ዋጋ ለተራበው ካልደረሰ ሄርማ ያስተማረው ሒሳብ አልተፈጸመም።

በዚህ ክፍል ካህናት በብርቱ ልናስተምረው የሚገባ ጕዳይ አለ። ዕድሜያቸው 7 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት በጾም ሕግ አይያዙም። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። ነገር ግን በብዙ ቤት ሕፃኑ በጾም ወራት ወተትና ዕንቁላል አያገኝም። ምክንያቱም እናቲቱ የፍስክ ዕቃ ከጾሙ ዕቃ ይነካካል ብላ ትፈራለች፤ ወይም ዕንቁላሉ በገበያ ሲሸጥ ለቤቱ ጨው እንደሚገዛበት ታስባለች። ከላይ የጠቀስነው ከ100ው 46 የሚለው ቍጥር ሲነበብ ይህን ማሰብ ይገባል። መፍትሔው ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለብቻ መለየት ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፥ በሽተኛም የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ፤ የነፍስ አባትም እንደ ድካማቸው ይምከራቸው። ወጪ ለመቀነስ የጾምን ስም ጠርቶ ከሕፃን አፍ መንጠቅ ጾምም ቍጠባም አይደለም።

፭. ስለ ድግስና ስለ ተዝካር

አሁን ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። የሚከብደውም እኛን ካህናትን ስለሚነካ ነው።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት አጥቢያ አንድ ገበሬ ዐረፈ። ሚስቱና አራት ልጆቹ ቀሩ። ሁለት በሬዎች ነበሩአቸው። ለ40ው ተዝካር አንዱ በሬ ታረደ፥ ጠላው በየጋኑ ተጠመቀ፥ ለበርበሬና ለቅቤ ገንዘብ ተበደሩ። እኔም ከካህናቱ ጋር በላይኛው መደብ ተቀምጬ በላሁ፥ ጠጣሁ፥ መረቅሁ። ማንም አስገድዷት አልነበረም። ነገር ግን አትደግሺ ያላትም አልነበረም።

ሰኔ ሲገባ አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠች። ስለዚህ ከሚገኘው እህል ግማሹ ለሌላ ሊሆን ነው። በነሐሴ፥ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፥ ከደጄ መጥታ «የኔታ፥ ለልጆቼ አንድ ቁና በቆሎ ያበድሩኝ» አለችኝ። በቆሎውን ሰጠኋት። ባለቤቴ «ያን በሬ የበላ አፍ ምን ብሎ ያበድራታል?» ብላ ስትናገር ሰማሁ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

ቤተ ክርስቲያን ለሞቱት የምታዝዘው ጸሎት፥ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። የእርሻ በሬ ሽጦ ወይም አርዶ የጠገበውን ማጥገብ ከዚህ ውስጥ የለም። በሌላ በኩል እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር። ተዝካር ድሆችና ተማሪዎች የሚጠግቡበት ቀን ነበር። እኔም በተማሪነቴ የተዝካር ወሬ ስሰማ ደስ እያለኝ መንገድ የመታሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ተዝካር ይቅር አንልም፤ ልኩና ተቀባዩ ይታወቅ እንላለን። ንፍሮና ዳቦ፥ ጥቂት ጠላ ተዘጋጅቶ ለነዳያንና ለተማሪዎች ቢሰጥ፥ ለካህናቱ የሚገባው ለጸሎታቸው ቢሰጥ መታሰቢያው ሙሉ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ሲያስተምር፥ ድሃው ተርቦ ሳለ መሠዊያን በወርቅ ዕቃ ማስጌጥ ምን ይጠቅማል ብሎ ገሥጿል። ለመሠዊያው እንኳ እንዲህ ከተባለ ለመደባችን ምን ይባል ይሆን?

«ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ብዙ ነው። ይህን ፍርሀት መበለቲቱ ብቻዋን ልትሰብረው አትችልም። ሊሰብሩት የሚገባቸው ካህናትና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ናቸው። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመው የእርሻ በሬ በታረደበትና በአራጣ በተደገሰ ድግስ ላይ እንደማይቀመጡ ቢናገሩ፥ ቃላቸውንም ቢጠብቁ፥ ይሉኝታው ወዲያው ኃይሉን ያጣል። ቃላቸውን ካልጠበቁ ግን ስብከቱ ከንቱ ነው።

ስለ በዓል ሥጋም ቢሆን አባቶቻችን ቅርጫን አስተምረውናል። ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ቤት አንድ በሬ ገዝቶ ሲከፋፈል ሁሉም እንደ አቅሙ ይበላል፤ ማንም አይዋስም። ከመደቡ አንዱ ለበሬ ዋጋ መክፈል ለማይችል ጎረቤት ቢታሰብ ቅርጫው ራሱ ምጽዋት ይሆናል።

፮. የተረፈው ለማን ነው?

እንግዲህ አንድ ቤት ሒሳቡን ቢጽፍ፥ በጊዜው ቢገዛ፥ ጎተራውን ቢጠብቅ፥ ማድ ቤቱን ቢያስተካክል፥ ድግሱን ቢመጥን በወሩ መጨረሻ ጥቂት ይተርፈዋል። የመጨረሻው ጥያቄ የተረፈው ለማን ይሁን የሚለው ነው። ዕዳ ያለበት አስቀድሞ ዕዳውን ይክፈል፤ ዕዳ የከፈለ ሰው የነገውን እህሉን ከአበዳሪ እጅ አወጣ። ከዚያ ለክፉ ቀን ያስቀምጥ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አልቆ በመላ አገሪቱ የደረሰውን ክፉ ቀን አያቶቻችን ሲናገሩት ሰምተናል፤ ጎተራ ባዶ መሆኑ ምን እንደሚያመጣ ከዚያ ይታወቃል።

ከሁለቱ በፊት ግን፥ ትንሽም ቢሆን፥ የድሃው ድርሻ ይለይ። የሰራፕታዋ መበለት የቀራትን እፍኝ ዱቄት ለነቢዩ ለኤልያስ አስቀድማ ጋገረች፤ ማድጋዋም አልጎደለም (3ኛ ነገ. ምዕ. 17)። እርስዋ የሰጠችው ከትርፏ አልነበረም። እኛ ከትርፋችን እንኳ እንድንሰጥ ሒሳብ ያስፈልገናል። በደብተሩ የመጀመሪያ መሥመር ላይ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከፊቱም አንድ ቁና ወይም አንድ ጣሳ ይመደብ። ዋጋ ሲወጣም የዚህ መሥመር ልክ አይቀነስ።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ካህን ቢኖር ለምእመናኑ ከመናገሩ በፊት በገዛ ቤቱ ይጀምረው። ምእመን ቢሆን ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ከገበታው ላይ የተረፈውን ይመልከት፤ የማን ራት እንደ ነበረም ይጠይቅ። አኮፋዳውን ያነገተው ልጅ ነገ ጧት ከደጅ ሲቆም «እግዜር ይስጥህ» የሚለው ቃል ባዶ እጅ የሚመለስበት እንዳይሆን፥ ሒሳባችንን ዛሬ እንሥራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።